ፎሶሊያ በከተማው ዙሪያ፦ ቅርበት ጥቅም የሚሰጠው በዕቅድ ሲሠራበት ነው

በጾም ወራት በአዲስ አበባ ምግብ ቤቶች በሚቀርበው በያይነቱ ላይ፣ ከሽሮው፣ ከምስሩና ከጎመኑ ጎን ከካሮት ጋር የተሠራ ፎሶሊያ የማይታይበት ገበታ ጥቂት ነው። በየቤቱም ቢሆን ማኅበር ሲወጣ፣ ሰንበቴ ሲደርስና እንግዳ ሲጠራ፣ ቀኑ የጾም ከሆነ ፎሶሊያው አይቀርም። ይህ እሸት በከተማው ሕዝብ ማዕድ ላይ ይህን ያህል ቦታ ከያዘ ዘንድ፣ የሚያመርተው ማን እንደሆነና ከምርቱ የሚገኘው ጥቅም ለማን እንደሚደርስ መጠየቅ ተገቢ ይሆናል።

ለዋና ከተማው ገበያ ከሚቀርበው አትክልት ብዙው የሚመጣው ከስምጥ ሸለቆ፣ ከመቂና ከዝዋይ አካባቢ፣ ከ130 እስከ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ነው። በአንጻሩ ሰበታ በጅማ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሱሉልታም እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ሦስቱም በ2015 ዓ.ም በኦሮሚያ ክልል በተመሠረተው የሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃልለዋል። ከተማ ይባሉ እንጂ በዳርቻቸው በበሬ የሚያርስ፣ ላም የሚያልብ፣ በምንጭና በወንዝ ዳር አትክልት የሚተክል ገበሬ ዛሬም አለ። የዚህ ገበሬ ይዞታ ከዓመት ዓመት እየጠበበ መሄዱ ደግሞ የታወቀ ነው። ቀደም ሲል ሁለት ሄክታር ጤፍና ስንዴ ያርስ የነበረው ዛሬ ከአንድ ቀርጥ ወይም ከሩብ ሄክታር ባልበለጠ ቦታ ቤተሰቡን ለማስተዳደር የሚገደድበት ሁኔታ እየተበራከተ ነው።

እንዲህ ባለች ጠባብ መሬት ላይ እህል ዘርቶ የዓመት ቀለብ ማግኘት አይቻልም። መሬቱን ለድርቆሽ ማከራየትም የሚያስገኘው ገቢ እምብዛም ነው። የሚያዋጣው በአጭር ጊዜ የሚደርስ፣ በቤተሰብ ጉልበት የሚሠራና በገበያ ዋጋ የሚያወጣ የጓሮ ሰብል ማምረት ነው። ፎሶሊያ ከእነዚህ ሰብሎች አንዱ ነው። ይሁን እንጂ «ገበያው ቅርብ ነው» በሚል ስሌት ብቻ የሚዘራ ሁሉ ይጠቀማል ማለት አይደለም። «የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» እንደሚባለው፣ ቅርበት ካልታሰበበትና ካልተሠራበት የተናቀ ሀብት ሆኖ ይቀራል።

ስለ ሰብሉ ጠባይ ጥቂት ማስታወስ ያስፈልጋል። ፎሶሊያ ከቦሎቄ ጋር አንድ ዝርያ ነው። ልዩነቱ ቦሎቄ ፍሬው ደርቆ ሲወቃ፣ ፎሶሊያ ግን ፍሬው ሳይጠነክር ከነልባሱ በእሸትነቱ መበላቱ ነው። የዝርያው መነሻ መካከለኛውና ደቡብ አሜሪካ ሲሆን፣ በግሪክኛና በዐረብኛ የሚጠራበት ስም በኢትዮጵያ ከሚታወቅበት ጋር ተመሳሳይ ነው። ሁለት ዓይነት አተካከል አለው። አንደኛው አጭር ሆኖ በራሱ የሚቆም፣ ሁለተኛው ሐረግ ሆኖ ድጋፍ የሚፈልግ ነው። አጭሩ ቶሎ ደርሶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ለቀማው ሲያልቅ፣ ሐረጉ ዘግይቶ ቢጀምርም ረዘም ላለ ጊዜ ይለቀማል። የእንጨት ድጋፍ እንደ ልብ በማይገኝበትና መሬቱ ለተከታይ ሰብል በሚፈለግበት አካባቢ አጭሩ ይመረጣል።

ከሽንኩርትና ከድንች የሚለየው ትልቁ ጠባዩ ግን ከተለቀመ በኋላ ያለው ነው። ድንች ለሳምንታት፣ ሽንኩርትም በደንብ ከደረቀ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ፎሶሊያ በለቀሙት ማግሥት ውሃውን እያጣ መጠውለግ ይጀምራል። ጥሩ እሸት ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ የሰነበተው ይተጣጠፋል እንጂ አይሰበርም። ገዢዋም ይህን ስለምታውቅ አንዱን አንስታ ሰብራ ሳታይ አትገዛም። እንግዲህ የሰበታና የቡራዩ ገበሬ ከሩቅ ከሚመጣው ጭነት ጋር የሚወዳደረው በብዛት ሳይሆን በዚህ በትኩስነቱ ነው። ማለዳ ተለቅሞ ከረፋዱ በፊት ገበያ የደረሰ ፎሶሊያ፣ ሌሊቱን በመኪና ሲንገላታ ካደረው ጋር ዋጋው እኩል ሊሆን አይገባውም። እኩል ከሆነ ጉድለቱ ያለው ከአያያዙና ከአሻሻጡ ላይ ነው።

ይሁንና ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ብርዱ ነው። ፎሶሊያ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው አማካይ ሙቀት ይስማማዋል። ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን እድገቱ ይቆማል፤ ውርጭ ከመታው ግን በአንድ ሌሊት ይጠፋል። ሰበታ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ስትሆን፣ ቡራዩና ሱሉልታ ወደ 2,500 ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳሉ። በእነዚህ ቦታዎች ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት የጠራ ሰማይ ሌሊቶች ውርጭ ይወርዳል። ቀዝቃዛው አየር እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ስለሚፈስ፣ ከተዳፋቱ ይልቅ ሜዳውና ሸለቆው በይበልጥ ይጎዳሉ።

በዚህ ረገድ ሦስቱን አካባቢዎች በአንድ ዓይን ማየት ስሕተት ይሆናል። ረባዳው የሱሉልታ ሜዳ ከጥንትም የሚታወቀው በወተቱና በድርቆሹ ነው። ክረምት ላይ ውሃ የሚተኛበት፣ በበጋ ሌሊት ውርጭ የሚያድርበት ስለሆነ በእነዚያ ወራት ፎሶሊያ ዝሩ ብሎ ማግባባት ገበሬውን ለኪሳራ መዳረግ ነው። እዚያ ብርድ የሚችሉት ጥቅል ጎመን፣ ቀይ ሥርና ነጭ ሽንኩርት ይሻላሉ። ፎሶሊያ በሱሉልታ የሚሞከረው ውሃ በሚያሳልፈው ተዳፋት ላይ፣ ብርዱ ካለፈ በኋላ፣ መጀመሪያም በጥቂት መደብ ብቻ መሆን አለበት። ቡራዩም በአብዛኛው ይኸው ጥንቃቄ ያስፈልጋታል። ሰበታ ግን በአንጻራዊነት ሞቅ ስለምትል የተሻለ ዕድል አላት።

ከብርዱ ቀጥሎ ሊታይ የሚገባው የገበያው የቀን መቁጠሪያ ነው። በከተማው የፎሶሊያ ፍላጎት ከአጽዋማት ጋር የተሳሰረ መሆኑን ነጋዴው ሁሉ ያውቀዋል። ገበሬው ግን ዘሩን የሚዘራው ብዙ ጊዜ ዝናብ ሲጥል ወይም ጎረቤት ሲዘራ አይቶ ነው። በደጋው ቅዝቃዜ አጭሩ ፎሶሊያ ለለቀማ ለመድረስ ከሁለት ወር እስከ ሁለት ወር ተኩል ሊወስድ እንደሚችል ይዞ ወደ ኋላ መቁጠር ያስፈልጋል። ዐቢይ ጾም የሚገባው ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባሉት ቀናት ውስጥ ሲሆን፣ ፋሲካ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ይውላል። ውርጩ ሊያበቃ ሲል፣ በጥር መጨረሻ የተዘራ ፎሶሊያ የሚደርሰው በሚያዝያ መጀመሪያ ገደማ ነው። ጾሙ ዘግይቶ በሚገባበት ዓመት ይህ ምርት የጾሙን ገበያ በደንብ ያገኛል። ቀደም ብሎ በሚገባበት ዓመት ግን ለቀማው ከፋሲካ በኋላ ላይ ይወድቃል። ከፋሲካ በኋላ ያሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምባቸው ስለሆኑ፣ ገበሬው መልካም ምርት ይዞ ቀዝቃዛ ገበያ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ዘር ከመግዛት በፊት የዘንድሮው ፋሲካ መቼ እንደሚውል ማወቅ ከእርሻ ሥራው አንዱ ክፍል ነው።

ለዚህ አካባቢ ከሁሉ ይልቅ የሚመቸው ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ያለው የዘር ወቅት ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያሉት ወራት በአካባቢው ከዓመቱ ሞቃት ከሚባሉት ናቸው። የበልጉ ዝናብም መስኖውን ያግዛል። ምርቱ ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ እስከ ሰኔ፣ ከባዱ ክረምት ሳይገባ ይለቀማል። ይህም ከጰራቅሊጦስ ማግሥት ጀምሮ እስከ ሐምሌ 5 ከሚዘልቀው የሐዋርያት ጾም ጋር ይገጥማል። በግንቦት መጨረሻ ለፍልሰታ ተብሎ የሚዘራው ግን በነሐሴ ዝናብ ውስጥ ስለሚለቀም ለበሽታና ለመበስበስ ይጋለጣል። በመስከረም መጀመሪያ ለነቢያት ጾም የሚዘራውም ኅዳር ላይ ውርጭ ሊቀድመው ይችላል። እነዚህ ሁለቱ ልምድ ላለው ገበሬና ለተመረጠ ቦታ እንጂ ለጀማሪ አይመከሩም።

የመሬቱ ዝግጅት ሌላው የሚታሰብበት ጉዳይ ነው። ፎሶሊያ ውሃ የሚያሳልፍ፣ ለስላሳና ፍግ የበላ አፈር ይወዳል። ከሰበታ ወደ በቾ ሜዳ ሲኬድ የሚገኘው ጥቁር መረሬ አፈር ግን ሲረጥብ ውሃ ይቋጥራል፤ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። በዚህ አፈር ላይ ከፍ ያለ መደብ ሠርቶ በመደቦቹ መካከል የውሃ መውረጃ ቦይ ማውጣት ግዴታ ነው። በመስመሮች መካከል 50 ሴንቲ ሜትር፣ በተክሎች መካከል እስከ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱም ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። ዘሩ ከሳምንት እስከ 10 ቀን ውስጥ ይበቅላል። ሥሩ ጥልቅ ስላልሆነ ኩትኳቶው በጥንቃቄ መሆን አለበት። ቅጠሉ ጤዛ ወይም ዝናብ አርሶት ሳለ ግን ማሳው ውስጥ መግባት በሽታን ከተክል ወደ ተክል ማዛመት ነው። እንደ ባቄላና አተር ሁሉ ፎሶሊያም ከአየር ናይትሮጂን ወስዶ ሥሩ ላይ ያጠራቅማል። ሆኖም በዚህ ረገድ ደካማ ስለሆነ በደንብ የበሰበሰ ፍግና መጠነኛ ማዳበሪያ ይፈልጋል። ውሃ ከሁሉ በላይ የማይጎድልበት ጊዜ አበባ ሲያወጣና እሸት ሲይዝ ነው። በዚያን ጊዜ አንድ ሳምንት የተጠማ ማሳ አበባውን ያረግፋል።

ዘርን በተመለከተ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ካለፈው ለቀማ ተርፎ በማሳ ላይ የደረቀውን ፎሶሊያ ፈልፍሎ ለዘር ማዋል ወጪ የሚቀንስ ይመስላል። ነገር ግን የፎሶሊያ ዋና ዋና በሽታዎች፣ ማለትም ቅጠልና እሸት የሚያጠቁሩት የባክቴሪያና የሻጋታ በሽታዎች፣ በዘር የሚተላለፉ ናቸው። በበሽታ ከተመታ ማሳ የተገኘ ዘር የሚቀጥለውን ዓመት ምርት ከወዲሁ ማበላሸት ነው። በ1961 ዓ.ም የተቋቋመው የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል በቦሎቄ ላይ ለረጅም ዓመታት የሠራ ተቋም ነው። የደጋ ሰብሎችን የሚያጠናው የሆለታ ማዕከልም ከቡራዩ በዚያው በአምቦ መንገድ ላይ ይገኛል። ለደጋው ከተማ ዙሪያ የሚስማማ፣ ብርድ የሚቋቋምና ጤናማ የፎሶሊያ ዘር እንዲቀርብ ሁለቱ ተቋማት ቢተባበሩ የገበሬው ችግር ግማሹ ይቃለላል።

ወደ ለቀማው ሲደረስ የሥራው ጫና በቤተሰቡ ላይ ያርፋል። ፎሶሊያ እንደ ድንች አንድ ቀን ተቆፍሮ የሚያልቅ ሰብል አይደለም። በየሁለትና በየሦስት ቀኑ ካልተለቀመ እሸቱ ይጠነክራል፤ ክር ያወጣል፤ ተክሉም አዲስ አበባ መያዙን ያቆማል። ይህን ግዴታ ወደ ጥቅም መለወጥ ይቻላል። ለቀማው ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ እንዲሆን ቢደረግ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለረቡዕና ለዓርብ ጾም፣ የቅዳሜው ደግሞ ለሰንበት ገበያ ይደርሳል። የተለቀመው ወዲያው ጥላ ውስጥ ገብቶ፣ ጠማማውና የተበሳው ተለይቶ፣ አየር በሚያስገባ ቅርጫት ወይም ሳጥን ቢጫን ይመረጣል። በማዳበሪያ ከረጢት ታምቆ ፀሐይ ላይ የዋለ ፎሶሊያ ግን ከመቂ ከመጣው የሚለይበት ምክንያት አይኖርም።

በዚህ ላይ ማሳን በአንድ ቀን አለመዝራት ይጨመራል። በተስማሚ ሁኔታና በመስኖ ጥሩ አያያዝ ከአንድ ሄክታር ከ60 እስከ 80 ኩንታል እሸት ይገኛል። በዚህ ስሌት አንድ ቀርጥ ከ15 እስከ 20 ኩንታል ሊሰጥ ይችላል። ይህ ሁሉ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ቢደርስ፣ ያውም ጎረቤቱ ሁሉ በዚያው ሳምንት ዘርቶ ከሆነ፣ ዋጋው መውደቁ አይቀሬ ነው። መሬቱን በሦስት ወይም በአራት ከፍሎ በየ10 ቀኑ ልዩነት የሚዘራ ገበሬ ግን ለአንድ ወር ከግማሽ ያህል ሳያቋርጥ ገበያ ይወጣል። ደንበኛ የሚያዘው በዚህ ነው፤ የምግብ ቤት ባለቤት ዛሬ አምጥቶ ነገ ከሚጠፋ አቅራቢ ጋር አይዋዋልምና።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ጥያቄ የሚሸጥበት ቦታ ነው። በፒያሳ ለዘመናት የነበረው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ጃንሜዳ፣ በ2013 ዓ.ም ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛውሯል። ቦታው ቢለወጥም አሠራሩ እምብዛም አልተለወጠም። ጥቂት ቅርጫት ይዞ የሚመጣ ገበሬ ዋጋ የሚነግረው ደላላ ነው። ገበሬው ምርቱ እየጠወለገበት ስለሚሄድ ተከራክሮ የመመለስ አቅም የለውም፤ ደላላውም ይህን ያውቃል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው ኢትፍሩት በየሠፈሩ በነበሩት ሱቆቹ አትክልትና ፍራፍሬን በተወሰነ ዋጋ ያቀርብ እንደነበር የሚያስታውሱ ጥቂት አይደሉም። ያ አሠራር የራሱ ጉድለቶች ቢኖሩትም፣ ሸማቹንና አምራቹን የሚያገናኝ ሦስተኛ መንገድ ሊኖር እንደሚችል አሳይቷል። በቅርብ ዓመታት በአዲስ አበባ የተስፋፉት የቅዳሜና እሑድ ገበያዎችም ለዚሁ ዓላማ የታሰቡ ናቸው። ይሁን እንጂ አንድ ገበሬ ብቻውን በእነዚህ ገበያዎች ድንኳን ሊይዝ አይችልም። 10 እና 20 ሆነው በኅብረት ሥራ ማኅበር ሲደራጁ ግን የለቀማ ቀናቸውን ተከፋፍለው፣ በአንድ መኪና ጭነው፣ በአንድ ሚዛን መሸጥ ይችላሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለዚህ ነው።

ከገበያው ባልተናነሰ የሚያሳስበው የውሃው ጉዳይ ነው። ከተሞቹ በውሃ ድሃ አይደሉም። ቡራዩ የገፈርሳ ግድብ ጎረቤት ናት፤ የሰበታ ወንዞች ወደ አዋሽ፣ የሱሉልታዎቹም ወደ ሙገርና ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ነገር ግን ፋብሪካዎችና መኖሪያ ቤቶች ሲበዙ ፍሳሹ የሚለቀቀው ገበሬው አትክልት በሚያጠጣበት ወንዝ ውስጥ ሆኗል። በአዲስ አበባ ውስጥ በአቃቂ ወንዞች ውሃ በሚለሙ አትክልቶች፣ በተለይም በቅጠላ ቅጠሎች ላይ፣ ተመራማሪዎች ከባድ ብረቶች ማግኘታቸው ለከተማው ዙሪያ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይገባል። ፎሶሊያ ተቀቅሎ መበላቱ ተሕዋስያንን ሊገድል ይችላል፤ ብረቱን ግን አያጠፋም። ገበሬው ንጹሕ ውሃ የመምረጥ ዕድል ሳይሰጠው ምርቱ ብቻ ቢወቀስ ፍትሕ አይሆንም። ፍሳሹን ሳያጣራ የሚለቅ ማንኛውም ድርጅት በሕግ መጠየቅ አለበት። በአንጻሩ የጉድጓድና የምንጭ ውሃ ለአትክልት አምራቾች ቢጎለብት፣ ምርታቸው በንጹሕ ውሃ የለማ መሆኑ ተመርምሮ ቢረጋገጥ፣ ያ ራሱ ዋጋ የሚያስጨምር መታወቂያ ይሆናል።

ስለ ፀረ ተባይ መድኃኒትም እንዲሁ ነው። ከትናንሽ ማሳዎች ተለቅሞ ለአውሮፓ ገበያ በሚላክ ፎሶሊያ ስሟ በታወቀው በኬንያ የደረሰው ለትምህርት ይበቃል። የአውሮፓ ኅብረት በ2005 ዓ.ም በእሸቱ ላይ በተገኘ የመድኃኒት ቅሪት ምክንያት ቁጥጥሩን አጥብቆ ከ10 ጭነት አንዱ እንዲመረመር ሲያዝ፣ ብዙ አነስተኛ ገበሬዎች ከገበያው ለመውጣት ተገደዋል። የአዲስ አበባ ሸማች ላቦራቶሪ የለውም፤ ጤናው ግን ከአውሮፓዊው አያንስም። በየሁለት ቀኑ በሚለቀም ሰብል ላይ ዛሬ ረጭቶ ነገ መልቀም ሊፈቀድ አይገባም። የልማት ሠራተኛው ለገበሬው ሊያስረዳው የሚገባው የመጀመሪያው ነገር በርጭትና በለቀማ መካከል መቆየት ያለበትን የቀን ብዛት ነው።

በመጨረሻም የመሬቱ ጥያቄ ይመጣል። የከተማው መስፋፋት በዙሪያው ባለው ገበሬ ላይ ያሳደረው ሥጋት ቀላል እንዳልነበር የ2006 እና የ2008 ዓ.ም ተቃውሞ አሳይቷል፤ ለተቃውሞው መነሻ የነበረው የጋራ ማስተር ፕላንም በጥር 2008 ዓ.ም ተሰርዟል። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል መሬት ሲለቀቅ ካሣ የሚከፈልበትን ሁኔታ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 1161/2011ም ሥራ ላይ ይገኛል። ካሣ ግን አንድ ጊዜ ተቀብለው የሚጨርሱት ገንዘብ ነው። ፎሶሊያ በሁለት ወር የሚደርስ ሰብል ስለሆነ ነገ መሬቱ ይወሰድ ይሆናል ብሎ የሚሠጋ ገበሬ እንኳ ሊዘራው ይችላል። የውሃ ጉድጓድ የሚቆፍረው፣ መደብ የሚሠራውና ፍግ የሚያጠራቅመው ግን በይዞታው ላይ የሚቆይበትን ዘመን የሚያውቅ ገበሬ ብቻ ነው። አዲሱ የከተማ አስተዳደር በፕላኑ ላይ ለመንገድ፣ ለፋብሪካና ለመኖሪያ ቦታ እንደሚከልል ሁሉ፣ በወንዝ ዳርና ውሃ ባለበት ተዳፋት ለአትክልት እርሻ የሚጠበቅ ቦታ መከለሉ የሚያስመሰግነው እንጂ የሚያስነቅፈው አይሆንም። በራሱ ዙሪያ የሚመገበውን የሚያበቅል መሬት ያልተወ ከተማ፣ ነዳጅ ባለቀና መንገድ በተዘጋ ቁጥር ገበታው ይራቆታል።

እንግዲህ ሥራው የሁሉም ነው። ገበሬው ዘሩን ከመዝራቱ በፊት የውርጩን ወር፣ የጾሙን ቀንና የሚገዛውን ደንበኛ ይወቅ። ማኅበራት የአባሎቻቸውን የዘር ቀን ያከፋፍሉ፤ ሚዛንና ሳጥን በጋራ ይያዙ። የግብርና ጽሕፈት ቤቶች ሦስቱን ከተሞች በአንድ መመሪያ ሳይጨፈልቁ ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ የሚስማማውን ለይተው ያማክሩ። በከተማው ያሉ ምግብ ቤቶች፣ ሆቴሎችና የትምህርት ቤት ምገባ ክፍሎችም በ20 ኪሎ ሜትር ውስጥ ካለ ገበሬ በውል መግዛት ለእነሱም ለገበሬውም እንደሚበጅ ይመልከቱ።

ቅርበት ያለ ሥራ የተገኘ ዕድል ነው። ዕድሉን ወደ ገቢ የሚለውጠው ግን ጤናማ ዘር፣ ንጹሕ ውሃ፣ የታሰበበት የለቀማ ቀንና በይዞታው የተማመነ ገበሬ ነው። እነዚህ ከተሟሉ፣ በረቡዕና በዓርብ ገበታ ላይ የሚቀርበው ፎሶሊያ የሰበታን ወይም የቡራዩን ገበሬ ቤት የሚያቆም ይሆናል። ካልተሟሉ ግን ገበሬው በከተማው በር ላይ ቆሞ የሌላውን ጭነት ሲያልፍ ማየቱ ይቀጥላል።